ገንዳ ገንዳ የሚሸት ሻል

የካቲት 18

ይድረስ ከእናቴ እኩል ላሳደጉኝ ለማከብርዎ አክስቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ ተላጠብኝ ያሉኝ የእጅዎ ቆዳ እንዴት ነው? እኔ ጤናዬም ሥራዬም ደህና ነው፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። "በስልክ አልሰማህም፣ ጆሮዬን የማጠቢያ ማሽኑ ጩኸት በልቶታል" ስላሉኝ ይኸው እንደታዘዝኩ በወረቀት መጣሁ።

የምሠራውን በግልጽ ንገረኝ ብለውኛል። ሜዳ ላይ፣ ጣራ በሌላቸው ሰፋፊ ገንዳዎች ውስጥ፣ አልጌ የሚባል ነገር እናረባለን። እንደ ተክል ነው፤ ግን ሥርም ቅጠልም የለው፣ አንዱ ለብቻው በዓይን አይታይም። ሲበዛ ውሃውን አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ያስመስለዋል። ምግብ ሲያጥረው ዘይት ያጠራቅማል፤ ዘይቱ ተጨምቆ የመኪና ነዳጅ ይሆናል። ንጹሕ ሥራ ይመስላል አይደል? ስመጣ እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ገንዳው ክፍት ነው። ነፋስ አቧራ ያመጣበታል፣ ወፍ ይኮስበታል፣ ዝንብ ይሞትበታል። ከዚያ ሁሉ ጋር ባክቴሪያ ይገባል። ባክቴሪያ የያዘው ገንዳ መጀመሪያ አረፋ ይደፍቃል፣ ቀጥሎ ይዝለገለጋል፣ በመጨረሻ ይቅርታ ያድርጉልኝና ንፍጥ ይሆናል። የላቦራቶሪዋ ሴት ናሙና ወስዳ ባክቴሪያውን አብቅላ እስክታይ ቀናት ይፈጃል፤ ገንዳው ግን ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ አለቃችን አንድ ዘዴ ፈጥሯል፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ያሸታል። ያ ሰው እኔ ነኝ። በየገንዳው ጎንበስ ብዬ አሸትቼ "ደህና" ወይም "ተበላሽቷል" እላለሁ። ከትንሹ የዘር ገንዳ ደህና ያልኩት ወደ ትልልቆቹ ይገለበጣል፣ ተበላሽቷል ያልኩት ይደፋል። እዚህ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ "አፍንጫው" ነው የሚሉኝ።

አለቃዬ "የሙቀቱን ወቅት ገንዳዎቹ ሳይበላሹ ካለፉ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለህ" ብሎኛል። ቋሚ ከሆንኩ የዓመት ፈቃድ አለኝ፣ መጥቼ አይዎታለሁ። ብቻውን ነው ብለው አይስጉ፤ ውሃው እንዳይረጋ የሚያማታውን ባለመቅዘፊያ ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ አብሮኝ ይኖራል። ባለጎማው እንለዋለን፤ ቋንቋችንን አያውቅም፣ የምንግባባው በዚህ አገር ቋንቋ ነው። ያን ሰሞን ትኩሳት ሲጥለኝ ያስታመመኝ እሱ ነው። ያዘዙኝን እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት እየፈለግኩ ነው።

የእርስዎው ልጅ

መጋቢት 14

ለልጄ፤

እግዜር ይጠብቅህ፣ ክፉ አይንካህ ብዬ በወጉ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤህ ትዝ ሲለኝ ምሳዬ ወደ ላይ መጣ። ኤጭ! ለአክስት "ንፍጥ ይሆናል" ተብሎ ይጻፋል? እያኘክሁ እኮ ነው ያነበብኩት!

እና ለዚህ ነው የኔን ላውንደሪ "ይገማል" ብለህ ጥለህ የሄድከው? እኔ ቢያንስ የማጥበው የሰው ልብስ ነው፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ሲወጣ ዓይን ይስባል። ያንተው ሲያድግም ንፍጥ፣ ሲሞትም ንፍጥ። ደግሞ ደስ ብሎህ ታወራዋለህ።

እርግጥ የኔም ሥራ ብዙ አያኮራም። የሆቴሉ አንሶላ በየሳምንቱ ይመጣል፤ በምን እንደቆሸሸ ዝርዝሩ ይቅርብህ። ያ ጠበቃ ደግሞ ሸሚዙን አንገቱ ጥቁር እስኪሆን ለብሶ ያመጣና "እንዳይሳሳ ቀስ ብለሽ እጠቢው" ይለኛል። ሰውዬው ሸሚዝ ይለብሳል ወይስ መኪና ይወለውልበታል? አንድ ቀን ፊቱ ላይ እወረውርለታለሁ።

አፍንጫህ ከኛ ቤት የወጣ ነው። ልጅ ሆነህ የልብስ ክምር ላይ ቆመህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ "ይሄ የአስተማሪዋ ነው፣ ይሄ የሥጋ ቆራጩ ነው" ስትል ደንበኛው ሁሉ ይስቅ ነበር። አንዴም አልተሳሳትክም። እናትህም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወተት ሊበላሽ መሆኑን ከማንም ቀድማ ታውቅ ነበር። ጠብቀው።

ይህን ልብ በል። እዚያ በረኪና ሳትጠቀሙ አትቀሩም። በር ዘግተህ በረኪና እንዳትነካ። ከኔ በፊት ይህን ቤት የያዘችው ሴትዮ አፍንጫዋ የሞተው በዚሁ ነው፤ ጋዝ ሲያፈስ ሳይሸታት ቤቱን ከነልብሱ ልታነደው ነበር።

ጓንቱን አትርሳ። እዚህ የሚሸጠው ገና ከማጥለቄ ይቀደዳል።

አክስትህ

ሚያዝያ 11

ይድረስ ለእናት አክስቴ፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ በታች ይድረስ። ደብዳቤዎን እየተረጎምኩ ለባለጎማው አነበብኩለት። ስለ ጠበቃው ሸሚዝ ሲሰማ የያዘውን ዳቦ ጥሎ ሳቀ። "እኚህ ሴትዮ እዚህ ቢኖሩ አለቃችን ራሱ ተዘፍዝፎ ነበር" አለ።

ሰሞኑን ችግር ላይ ነበርን። አንዱ ትልቅ ገንዳ ተበላሸብን። ጠዋት ስመጣ ገና ከበሩ አወቅኩት፤ አይጥ ሶፋ ሥር ሞታ ስትቀር የሚመጣው ዓይነት ነው። አረንጓዴው ቡኒ ሆኗል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ዝልግልጉ እንደ ምራቅ ክር እየሠራ ይንጠለጠላል። አስደፋሁት። ግድግዳው ላይ የቀረውን በአካፋ ፋቅን፤ የሚፋቀው ነገር እንደ ጉበት እየተቆረጠ ይወድቃል። አንዲት ፍንጣሪ ከንፈሬ ላይ አረፈች። ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

ለማጽዳት የቀረው ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ያለበት ክፍል ነበር። ጠባብ ነው፣ መስኮት የለውም። አለቃዬ "የበረኪናው ትነት ወደ ዘር ገንዳው እንዳይሄድ በሩን ዝጋው" አለኝ። ዘጋሁ። በረኪናውን ደፍቼ ስፈትግ ቆየሁ። ስወጣ ዓይኔ እንባ በእንባ ሆኗል፣ አፍንጫዬ ውስጥ እሳት ይነዳል። ባለጎማው ፊቴን ውሃ እያፈሰሰ ሲያጥበኝ አመሸ። ይቆጡኛል፣ አውቃለሁ፤ ግን አልፏል። እንዲያውም ተመስገን ነው፣ ግማቱን ለመድኩት መሰለኝ፣ እንደ ድሮው አያስቸግረኝም። ምግቡ ብቻ ወረቀት ወረቀት ይለኛል።

የዘር ገንዳው በቅርቡ ይደርሳል። እሱን ደህና ብዬ ካስገለበጥኩና ከያዘ፣ ቋሚነቴ አለቀ ማለት ነው።

ጓንት በልክዎ አጣሁ። በምትኩ የሱፍ ሻል በመኪና ከዚህ እዚያ በሚመላለሰው በዕቃ አመላላሹ ሰውዬ እጅ ልኬያለሁ። ከገዛሁት ሰንብቷል፣ ሥራ ቦታ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ንጹሕ ነው፤ አንድም ቀን አልተለበሰም።

የእርስዎው ልጅ

ግንቦት 2

ለልጄ፤

ዛሬ ምርቃቱን መጨረሻ ላይ ነው የማደርገው፣ ከደረስክበት።

ሻልህ መጣ። ዕቃ አመላላሹ ከረጢቱን ገና ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ደንበኞቼ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ የፍሳሽ ቱቦ የፈነዳ መስሎኝ ወለሉን አየሁ። አስተማሪዋ መሃረብ አፏ ላይ አድርጋ ወጣች፣ ቀሚሷን እንኳ አልወሰደችም። ሰውዬው ደግሞ "መንገዱን ሙሉ መስኮት ከፍቼ ነው የመጣሁት፤ ያዘዙት መድኃኒት መስሎኝ ዝም አልኩ" አለኝ።

ከፈትኩት። ቱ! ቱ! እኔ የሆስፒታል አንሶላ ያጠብኩ ሴት ነኝ፣ ያኔ ፊቴን አላዞርኩም። ለዚህ ግን ወደ ጓሮ ሮጥኩ። የከረመ ውሃ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የታመመ ሰው አፍ፣ ሁሉም አንድ ላይ። እስካሁን ስጽፍ እንኳ ያቅለሸልሸኛል። ቀለሙ ደግሞ እንዴት ያምራል መሰለህ! ሰማያዊ፣ ጠርዙ ነጭ። ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ይህ ልጅ ንቆኛል አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ካልሲ ከሌላ ክፍል ሆኖ የሚያሸት ልጅ ይህን ነገር በእጁ አጣጥፎ፣ "ንጹሕ ነው" ብሎ አይልክም። ደብዳቤህን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። በሩን ዘጋሁ ይላል። ምግቡ ወረቀት ወረቀት ይለኛል ይላል። ግማቱን ለመድኩት ይላል።

አንተ ልጅ፣ አታሸትም።

ግማት አይለመድም። እኔ በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ፣ አንድም ቀን አልለመድኩትም፤ ስለምጠላው ነው የሰው ልብስ የሚጸዳው። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለህ "ደህና" የምትለው ምን አሽትተህ ነው? የዘር ገንዳው ቢገማ በምን ታውቃለህ?

ይህ ወረቀት እጅህ እንደገባ ቦቲህን ሳታወልቅ አለቃህ ዘንድ ሂድ። "አላሸትም" በለው። ገንዳው ሳይገለበጥ። ቋሚነቱ ቢቀር ይቅር፣ አንተም ካስፈለገ ና፣ ቤቱ ቤትህ ነው። ጓንት አልፈልግም። ሐኪም ዘንድ ሄደህ ያለህን ጻፍልኝ፣ የምፈልገው እሱን ነው።

ምርቃቱ ይኸውልህ፤ እግዜር ድፍረት ይስጥህ።

አክስትህ

ዕቃ አመላላሹ ነገ ተመላሽ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ በእጁ እልከዋለሁ።

ሰኔ 5

ይድረስ ለአክስቴ፤

ደህና ነዎት? እኔ ደህና ነኝ። ስለ ሻሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነው የወደድኩት፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። የዘር ገንዳው ቀድሞ ተገልብጦ ነበር። ያሉት እውነት ነው፣ አላሸትም። ከፓምፑ ክፍል ወዲህ ምንም የለም። ቀለሙን አይቼ፣ አረፋውን አይቼ፣ የላቦራቶሪዋን ሴት ፊት አይቼ ነበር "ደህና" የምለው። በቀለም ደህና ነበር፣ እምልልዎታለሁ።

ከተገለበጠ በኋላ ትልልቆቹ ገንዳዎች ተራ በተራ ተበላሹ። መጀመሪያ አረፋ፤ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ነፋስ ሲመጣ እየተቆረሰ መንገዱ ላይ የሚንከባለል። ከዚያ አልጌው ሞቶ ታች ተኛ፣ ላይ ላዩን ቅባት ያዘው፣ ዝንብ እንደ ጥቁር ጨርቅ አለበሰው። ሠራተኛው እያስመለሰ ነው የሚሠራው። እኔ ብቻ ሳላስመልስ ስዝቅ እውላለሁ። አለቃዬ "ጀግና" አለኝ።

የገንዳዎቹ ባለቤቶች መጡ፣ ጥፋተኛ አምጡ አሉ። ባለጎማው አንድ ቀን የምሳ ሳህኑን ከዘር ገንዳው ዳር ሲያለቀልቅ የላቦራቶሪዋ ሴት አይታው ነበር። እሱ "ከቧንቧው ነው ያለቀለቅኩት፣ ገንዳው ውስጥ አልነከርኩም" አለ። ማን ይስማው። አለቃዬ ወደኔ ዞሮ "ያን ጠዋት ምን ይሸት ነበር?" አለኝ። "ደህና ነበር" አልኩ። ጠዋት ደህና ከነበረ ያበላሸው ሳህኑ ነው ብለው ደመደሙ። በማግሥቱ አባረሩት። ምንም አላለኝም። አልጋውን አነጠፈ፣ ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፣ ሄደ።

ብቻ ነገሩ በኔ ላይ ስላልመጣ ተመስገን ነው። ጓንት አግኝቻለሁ፣ እልካለሁ።

ልጅዎ

ሰኔ 27

ጤናህን አልጠይቅም። ጤነኛ ነህ፣ አየሁ።

ዕቃ አመላላሹ ትናንት መጥቶ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ። ውሃ እየጠጣ፣ "ደብዳቤዎን በእጁ ሰጠሁት፤ ቆሞ አነበበውና ኪሱ ከተተው" አለኝ። መቼ ነው አልኩት። "ገንዳ ልንገለብጥ ነው ብለው ሽር ጉድ ሲሉ ነው፤ ለነገ ነበር የሚዘጋጁት" አለ። ምስኪን፣ ምን እንደተናገረ አላወቀም። እኔ ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረስቼው የጠበቃው ሸሚዝ ከሰለ።

ደብዳቤዬ ኪስህ ውስጥ ሆኖ ነው ጎንበስ ብለህ "ደህና" ያልከው።

ሻልህ እንኳ እንዲህ አልገማኝም። ሻሉን ደጋግሜ ዘፍዝፌ ግማቱ ይኸው ለቀቅ እያለ ነው፤ ያንተን ግን በምን ልጠበው? በትኩሳት ያስታመመህን ሰው! ፊትህን ያጠበህን ሰው! ደግሞ "ምንም አላለኝም" ትለኛለህ። ምን እንዲልህ ነበር የጠበቅከው? አመሰግናለሁ? "በኔ ላይ ስላልመጣ ተመስገን" ብለህ ደግሞ እግዜርን እዚያ አተላ ውስጥ ትነክረዋለህ። አስጠላኸኝ። ያሳደግኩት ልጅ አስጠላኝ ብዬ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ይኸው ጻፍኩ።

ጓንትህን እንዳትልክ። አለቃህ ዘንድ ሂድ። ዛሬውኑ።

ሐምሌ 19

ይድረስ ለአክስቴ፤

ሄድኩ። "አላሸትም፤ ያን ጠዋትም አላሸትም ነበር፤ ባለጎማው የለበትም" አልኩት። ስለ ደብዳቤዎም ነገርኩት። አለቃዬ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ቁጭ በል አለኝ። ብስኩት እየበላ ነበር፣ ፍርፋሪው አገጩ ላይ ተለጥፏል።

"ይህን ለማን ነገርክ?" አለኝ።

"ለአክስቴ።"

"ሩቅ ናት?"

"ሩቅ ናት።"

"ጥሩ" አለና ሌላ ብስኩት አነሳ።

ለባለቤቶቹ የተነገራቸው የሳህኑ ነገር ነው። እሱ ከተነካ በረኪናውን በር ዘግቶ ያሠራው ማን ነው ይባላል፤ ስለዚህ ነገሩ አልቋል አለኝ። "ሰውዬው ሄዷል፣ አንተ አለህ። ባለቤቶቹ ጠዋት ስታሸት ማየት ይወዳሉ። ዝም ብለህ አሽትት።" ከዚያ የቋሚነቴን ወረቀት ፈርሞ ሰጠኝ። ተቀብዬ ወጣሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ጎንበስ እላለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ አየር ስቤ አስገባለሁ። ምንም። "ደህና" እላለሁ፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ራሴን ጠልቻለሁ አክስቴ። መስታወት ሳይ ልተፋበት ያምረኛል።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ አይሳቁብኝ። ከአዲሶቹ የዘር ገንዳዎች ጨርቅ ነክሬ፣ አድርቄ፣ ለየብቻ በላስቲክ አስሬ ልኬልዎታለሁ፤ አንዱ በቀይ ክር፣ አንዱ በነጭ፣ አንዱ በጥቁር። እርስዎ ያሽትቱልኝና ይንገሩኝ። ከእርስዎ በቀር የማምነው አፍንጫ የለኝም።

ልጅዎ

ነሐሴ 12

ለዚያ ልጅ፤

ከረጢትህን ጓሮ ወስጄ፣ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ ከፈትኩት። እኔ የገንዳ ውሻ አይደለሁም። ሆኖም አሸተትኩ፤ ምን ላድርግ፣ አክስት ነኝ። ቀዩ ሣር ሣር ይላል። ነጩም ደህና ነው። ጥቁሩ ገምቷል፣ ከሻልህ ጋር አንድ ነው። እና ይህን ስታነብ ገንዳው ከተገለበጠ ቆይቷል፣ አይደል? አንተም "ደህና" ብለኸዋል። አፍንጫ ፊት ላይ የተሠራው ለዚህ ነው፤ በፖስታ አይላክም።

ለአለቃህ መናገርህን ሰማሁ። ጥሩ። ግን የተናገርከው በሩን ዝጋ ላለህ ለዚያው ሰው ነው፣ እሱም መልሶ በሩን ዘጋ። ያ የተባረረው ሰውዬ ግን እስከዛሬ የሚያስበው ስለ ሳህኑ ነው። አንዲት ጠብታ ገብታ ይሆን እንዴ እያለ ይገላበጣል። በዚህ ሁሉ ወረቀት የት እንደደረሰ አንዲት መስመር አልጻፍክም።

እንግዲህ ጓንት ላክ አልልህም፣ ና አልልህም፣ ታከምም አልልህም። የዚያን ሰው አድራሻ ላክልኝ። እኔው እጽፍለታለሁ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ፈልጌ አስተረጉማለሁ። የተበላሸው አፍንጫ የኛ ቤት ነው፣ ሳህንህ ንጹሕ ነበር እለዋለሁ። አድራሻው የሌለበት ደብዳቤ ከመጣ ሳልከፍተው ከጠበቃው ካልሲ ጋር ነው የምዘፈዝፈው።

አክስትህ

መስከረም 9

ይድረስ ለአክስቴ፤

አድራሻው ከፖስታው ጀርባ አለ። እኔም ያለሁት እዚያው ነው።

ሥራውን ለቀቅኩ። ባለቤቶቹ ገንዳው ዳር ቆመው ሳለ ጎንበስ አልኩና "አላውቅም" አልኩ። ምን ማለት ነው አሉኝ። "አላሸትም። ያኔም አላሸትም ነበር። ሰውዬውን በከንቱ ነው ያባረራችሁት" አልኩ። አለቃዬ ሊስቅ ሞከረ፤ አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም። ልብሴን ሳልቀይር በቦቲዬ ወጣሁ።

ስንቱን ጠይቄ፣ ባለጎማው ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ብስክሌት ይጠግናል አሉኝ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ብድግ ብላ ቆመች። ወራጅ ናት ብዬ እግሬን ሰበሰብኩላት። እስከ መጨረሻው ቆማ ነው የሄደችው።

ባለጎማው በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ወደኋላ ሸሸ። ተቀይሞኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ፓምፑ ክፍል፣ ስለ ደብዳቤዎ፣ ስለ ኪሴ። እጁን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሰማኝ።

"ሳህኔን ጣልኩት" አለኝ ስጨርስ። "እናቴ ነበረች የሰጠችኝ። ገንዳውን ያበላሸሁት እኔ መስሎኝ ስላስጠላኝ ጣልኩት።"

በሩን ገፋ አድርጎ "ግባ" አለኝ፤ "ልብስህን ግን እደጅ ጣለው፣ ትገማለህ።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኩት።

"ያን በረኪና ከደፋህ ጀምሮ።"

"አብረን ስንኖር ለምን አልነገርከኝም?"

"አፍንጫው አንተ ነህ" አለኝ። "የምታውቅ መስሎኝ።"

አሁን የሱን ሱሪ ለብሼ ነው የምጽፍልዎ። ልብሴ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ገና ይገማል ይለኛል። ነገ ሐኪም ዘንድ ልውሰድህ ብሏል። ስለ ሳህኑ ከኔ ሰምቷል፣ ግን ያመነኝ አይመስለኝም፤ ስነግረው ፊቴን ሳይሆን የደረት ኪሴን ነበር የሚያየው። እርስዎ ይጻፉለት። እባክዎ፣ እዚያው በሌላ ሰው ያስተርጉሙት፤ በኔ አፍ እንዳይሆን።

ልጅዎ